የጥናት ውጤትና የመማሪያ ክፍል፦ ከጎንደር ከተማና ከሰሜን ጎንደር ደጋ ትምህርት ቤቶች አንጻር

መግቢያ

ስለ ትምህርት ጥራት መጓደል በአገራችን ብዙ ተብሏል፤ ብዙም ተጽፏል። ከሚባለውና ከሚጻፈው ውስጥ ግን በጥንቃቄ ከተሰበሰበ ማስረጃ የሚነሣው ጥቂቱ ነው። ከማስረጃ ተነሥቶ የተጻፈውም ቢሆን፣ ሥራዬ ብሎ ሊጠቀምበት ከሚገባው መምህር ዘንድ ሳይደርስ የሚቀርበት ጊዜ ይበዛል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጥናት ውጤት ወደ መማሪያ ክፍል የሚገባበትን መንገድና ሳይገባ የሚቀርበትን ምክንያት ማብራራት ነው። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው የተወሰዱት ከአማርኛ ንባብ ትምህርት ነው። ይህ የሆነው አንደኛ ንባብ የሌላው ትምህርት ሁሉ በር በመሆኑ፣ ሁለተኛም የዚህ መጽሔት አንባብያን አብዛኞቹ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ መምህራን በመሆናቸው ነው።

እዚህ ላይ «ማስረጃ» የሚለውን ቃል ጠበብ አድርጎ መረዳት አይገባም። ማስረጃ ሲባል በቁጥር የተሞላ ሠንጠረዥ ብቻ አይደለም። ተማሪው የሚያውቀውንና የማያውቀውን ለይቶ የሚያሳይ፣ ሌላ ሰውም ቢመረምረው ሊያረጋግጠው የሚችል መረጃ ሁሉ ማስረጃ ነው። የስም መጥሪያ መዝገብ፣ የተማሪው ደብተር፣ የሦስት ደቂቃ የንባብ ፈተና፣ ሁሉም በዚህ ውስጥ ይጠቃለላሉ። የጽሑፉ ዋና ሐሳብም ከዚሁ ይነሣል፤ ይኸውም ጥናት ትምህርትን የሚያሻሽለው መምህሩ የጥናቱን ጥያቄ በራሱ ክፍል ውስጥ መልሶ መጠየቅ ሲችል ነው የሚል ነው።

1. ሀሁ እና አቡጊዳ

ጎንደር የአቋቋምና የመጻሕፍት ትርጓሜ ትምህርት ማዕከል እንደመሆኗ መጠን፣ «ተማሪው በእርግጥ አውቋልን?» የሚለው ጥያቄ ለአካባቢው አዲስ አይደለም። የዚህንም ጥያቄ ምላሽ ከሁሉ በፊት የምናገኘው በፊደል ቆጠራ ላይ ነው።

እንደሚታወቀው፣ የኔታ ዘንድ የገባ ሕፃን በመጀመሪያ ሀ፣ ሁ፣ ሂ እያለ ፊደሉን በተራው ይቆጥራል። ገበታውን በስንደዶ እየጠቆመ ደጋግሞ ሲወርደው ተራው በቃሉ ይያዛል። ችግሩ የሚመጣውም ያን ጊዜ ነው፤ ስንደዶው አንድ ፊደል ላይ ቆሞ ሳለ አፉ ሌላ ፊደል ላይ ይደርሳል። ልጁ የተማረው ዜማውን እንጂ ፊደሉን አይደለም ማለት ነው። አቡጊዳ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ እያለ ፊደሉም ቤቱም በየእርምጃው ስለሚለወጥ፣ በሀሁ ተራ የተያዘው ቃል እዚህ አይረዳም። እያንዳንዱን ፊደል በመልኩ ለይቶ የማያውቅ ልጅ አቡጊዳ ላይ ይታወቅበታል። ይህን ያለፈው ወደ መልእክተ ዮሐንስ ንባብ ይሻገራል፤ ያላለፈው ወደ ገበታው ይመለሳል።

በዚህ አሠራር ውስጥ ሦስት ቁም ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ፈተናው በቃል የተያዘውን ከታወቀው ይለያል። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ልጅ ለብቻው ይታያል። ሦስተኛ፣ የፈተናው ውጤት ቀጣዩን ትምህርት ይወስናል። ይህን ስንል የጥንቱ የማስተማር ዘዴ እንዳለ ይመለስ ማለታችን አይደለም፤ አለንጋው ቢቀር የሚቆጭ የለም። ነገር ግን በሦስተኛው ነጥብ ረገድ የዛሬው ትምህርት ቤት ከየኔታ ደጅ ወደ ኋላ የቀረ መሆኑን መካድ አይቻልም። በዛሬው ትምህርት ቤት ፈተናው ማርክ ይሆናል፤ ማርኩ ሮስተር ላይ ይሰፍራል፤ ትምህርቱ ግን በማርኩ ምክንያት አይለወጥም።

2. ጥናቶቹ ምን አሳዩ?

በ2002 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2010) የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ተማሪዎችን የንባብ ችሎታ የሚለካ ሰፊ ጥናት በአገራችን ተካሂዶ ነበር። ጥናቱ አማርኛን ጨምሮ ስድስት ቋንቋዎችን፣ 338 ትምህርት ቤቶችንና ከ13,000 በላይ ተማሪዎችን ያካተተ ነው። ዘዴው ቀላል ነበር። መዛኙ ከአንድ ልጅ ጋር ለብቻው ተቀምጦ ፊደላትን፣ ቃላትንና አጭር ታሪክን በተወሰነ ጊዜ ያስነብበዋል፤ ከዚያም ስለ ታሪኩ ይጠይቀዋል። የተገኘው ውጤት አስደንጋጭ ነበር። ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም፤ 48 በመቶ ያህሉ ስለ ታሪኩ ከተጠየቁት ውስጥ አንዱንም አልመለሱም። በ3ኛ ክፍል እንኳ 20 በመቶ ያህሉ ቃል ማንበብ ያልቻሉ ነበሩ።

ከዚህ ጥናት በፊት የተካሄዱት አገር አቀፍ የትምህርት ምዘናዎችም ተመሳሳይ አቅጣጫ ያመለክታሉ። የ4ኛ ክፍል ተማሪዎች አማካይ ውጤት በ1992 ዓ.ም. 47.9 በመቶ፣ በ1996 ዓ.ም. 48.5 በመቶ፣ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ 40.9 በመቶ ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ፣ በ1ኛው እርከን የመጀመሪያ ክፍሎች ተማሪዎች ያለ ክፍል ድግግሞሽ በነፃ ዝውውር እንዲያልፉ ይደረግ ስለነበር፣ ማንበብ ያልቻለው ልጅ ሳይታወቅበት 4ኛ ክፍል ሊደርስ ይችል ነበር። ከዓመታት በኋላ የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲመጣ ሁሉም ሰው ይደነግጣል፤ የ2014 ዓ.ም.ን ፈተና ወስደው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር አገር ሁሉ ተነጋግሮበታል። ይሁን እንጂ የ12ኛው ክፍል ጉድለት የሚጀምረው ከ12ኛ ክፍል አይደለም።

ለቋንቋ መምህር ከቁጥሩ በላይ የሚጠቅመው ግን «ቀስ ብሎ የሚያነብ ልጅ ለምን አይገባውም?» የሚለው ጥያቄ ነው። አማርኛ ለዚህ ሁለት የራሱ ምክንያቶች አሉት። የመጀመሪያው ጥብቀትና ላልቶ መነበብ በጽሕፈቱ ላይ አለመታየታቸው ነው። «አለ» ተናገረ ማለትም ይሆናል፣ ይገኛል ማለትም ይሆናል፤ «ገና» በዓሉም ነው፣ ጊዜው አለመድረሱም ነው። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ከዐረፍተ ነገሩ ነው። ሁለተኛው ምክንያት የማሰሪያ አንቀጹ ቦታ ነው። የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ፊደል በፊደል የሚያነብ ልጅ ግሡ ጋ ሲደርስ ባለቤቱን ረስቶታል። ስለዚህ በአማርኛ የንባብ ፍጥነት ለውድድር የሚፈለግ ነገር ሳይሆን የመረዳት ቅድመ ሁኔታ ነው። ከ231ዱ መደበኛ ፊደላት ውስጥ ጥቂቶቹን እንኳ እያመነታ የሚለይ ልጅ ታሪክ እንዲተርክ ቢጠየቅ ዝም ቢል ሊያስደንቀን አይገባም።

3. «አንድም» ብሎ መጠየቅ

ጥናት ስላለ ብቻ መፍትሔው ተገኘ ማለት አይደለም፤ ማስረጃ መተርጐም አለበት። በዚህ ረገድ የጎንደር የትርጓሜ ትምህርት ቤቶች ትልቅ ልማድ አቆይተውልናል። የአንድምታ መምህር አንድን ንባብ በአንድ ፍቺ ብቻ አይዘጋውም። «አንድም» እያለ ሌላውን መንገድ ይከፍታል፤ ለየፍቺውም ምስክር ይጠራል። ይህ ልማድ በትምህርት ማስረጃ ላይም ያስፈልጋል።

ለምሳሌ ያህል፣ በደባርቅ፣ በዳባት ወይም በጃናሞራ ደጋ ባለ ትምህርት ቤት አንዲት የ4ኛ ክፍል ተማሪ ጽሑፉን ማንበብ አቃታት እንበል። ፊደሉን ስላልለየች ይሆናል። አንድም፣ ፊደሉን ለይታ ቃል ማያያዝ አልለመደች ይሆናል። አንድም፣ ዓይኗ ሰሌዳውን አያይም ይሆናል። አንድም፣ በጥቅምትና በኅዳር የገብሱ አጨዳ ሲደርስ ታናናሾቿን ለመጠበቅ ቤት ውላ፣ ዋናው ትምህርት የተሰጠው ያን ጊዜ ይሆናል። እያንዳንዱ ፍቺ የሚጠይቀው ምስክር የተለየ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በሦስት ደቂቃ የንባብ ፈተና፣ ሦስተኛው ከሰሌዳው ፊት አቅርቦ በማስቀመጥ፣ አራተኛው በስም መጥሪያ መዝገቡ ይጣራሉ። መድኃኒታቸውም ይለያያል። «ሰነፍ ናት» የሚለው ፍርድ ግን አንዱንም ምስክር ሳይጠራ ይዘጋል።

ይኸው ጥንቃቄ ከሌላ አገር የሚመጣ የጥናት ውጤት ላይም መቀጠል አለበት። በምዕራብ ኬንያ ገጠር የመማሪያ መጻሕፍት እጥረት ነበረባቸው ለተባሉ ትምህርት ቤቶች መጻሕፍት ታደሉ። ማይክል ክሬመርና ባልደረቦቹ መጽሐፍ ያገኙትንና ያላገኙትን ትምህርት ቤቶች ሲያወዳድሩ የተማሪዎቹ አማካይ ውጤት አልተሻሻለም፤ የተጠቀሙት ቀድሞም ጎበዝ የነበሩት ናቸው። መጻሕፍቱ የተጻፉት ለብዙዎቹ ልጆች ሦስተኛ ቋንቋ በሆነው በእንግሊዝኛ ስለነበር አብዛኞቹ ሊያነቧቸው አልቻሉም። ከዚህ ተነሥቶ «መጽሐፍ አይጠቅምም» የሚል ቢኖር ተሳስቷል። ትክክለኛው ፍቺ ልጁ ሊያነበው የማይችለው መጽሐፍ አይጠቅመውም የሚለው ነው። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2006 በማስተማሪያ ቋንቋ ላይ የተካሄደው ጥናት፣ እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩት በሒሳብና በሳይንስም የተሻለ ውጤት ማምጣታቸውን አሳይቷል። በዚያን ጊዜ የአማራ ክልል ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ እነዚህን ትምህርቶች በእንግሊዝኛ ከሚሰጡት ክልሎች አንዱ ነበር። ሁለቱ ጥናቶች ጎን ለጎን ሲነበቡ አንዱ ለሌላው ምስክር ይሆናል።

4. ጥናት ከመደርደሪያ ለምን አይወርድም?

በአገራችን ታሪክ ጥናት ጠፍቶ አያውቅም። በ1964 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የትምህርት ዘርፍ ክለሳ በስፋቱም ሆነ በተሳተፉበት ባለሙያዎች ብዛት ትልቅ ሥራ ነበር። ነገር ግን መምህራኑ በሚገባ ሳይመክሩበት፣ ወላጆችም ሳይረዱት ቀረ። መምህሩ ደመወዜና የሥራ ዋስትናዬ ሊነካ ነው አለ፤ ወላጅ ልጄ ከአራት ዓመት ትምህርት በላይ ሊከለከል ነው ብሎ ሰጋ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ ሲያቆሙ ክለሳው ከአብዮቱ መቀስቀሻዎች አንዱ ሆነ፤ ሥራ ላይ ሳይውልም ቀረ። ከ1976 እስከ 1978 ዓ.ም. ደግሞ አጠቃላይ ትምህርቱን የሚገመግም ሌላ ሰፊ ጥናት ተካሂዶ፣ የጥራቱን መውደቅ በግልጽ አመለከተ። ይሁንና ግኝቱ በየክፍሉ ያለውን አሠራር ሲለውጥ አልታየም። የመጀመሪያው ጥናት ውጤቱን የሚፈጽሙትን ሰዎች አስቀይሞ ወደቀ፤ ሁለተኛው ለእነርሱ ሳይነገር ተረሳ።

በአንጻሩ በ2002ቱ የንባብ ጥናት ላይ የተመሠረተ ለውጥ ታይቷል። ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ አማርኛን ጨምሮ በሰባት ቋንቋዎች የአፍ መፍቻ ቋንቋ መማሪያ መጻሕፍት እንደገና ተዘጋጅተዋል። ይህ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን መጽሐፍ ተለወጠ ማለት ትምህርቱ ተለወጠ ማለት አይደለም፤ በ4ኛ ክፍል መጽሐፍ ፊት የተቀመጠው ልጅ ፊደል ያልለየ ከሆነ፣ አዲሱም መጽሐፍ እንደ አሮጌው ይሆንበታል።

ዛሬ በየትምህርት ቤቱ መምህራን ተግባራዊ ምርምር እንዲሠሩ ይጠየቃሉ። ሐሳቡ መልካም ነው። አፈጻጸሙ ግን ብዙ ጊዜ ለሥራ አፈጻጸም ምዘና የሚያያዝ ወረቀት ወደ መሆን አዘንብሏል። ርእሱ «የተማሪዎች የማርፈድ ችግር መንስኤና መፍትሔ» ይሆናል፤ መንስኤው አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ መፍትሔው «ግንዛቤ መፍጠር» ነው፤ ከዚያ በኋላ ያረፈዱት መቀነስ አለመቀነሳቸውን የሚቆጥር የለም። እኛም የዩኒቨርሲቲ መምህራን ከዚህ ነቀፌታ ነጻ አይደለንም። በየአማርኛ ትምህርት ክፍሉ ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ የሚቀርቡ ስለ ንባብ፣ ስለ ጽሕፈትና ስለ ሥነ ጽሑፍ ማስተማር የሚያጠኑ ሥራዎች ጥቂት አይደሉም። መረጃው የተሰበሰበው ከትምህርት ቤት ነው፤ ውጤቱ ግን ወደዚያው ትምህርት ቤት አይመለስም። መጠይቁን የሞላው መምህር ምን እንደተገኘ ሳያውቅ ይቀራል። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ መጠይቅ ይዞ የሚመጣውን ተማሪ በምን ዓይን እንደሚያየው መገመት አያዳግትም።

5. በአንድ የደጋ ትምህርት ቤት እንዴት ይሠራበት?

ለዚህ የሚረዳ ልምድ ከሕንድ ይገኛል። ፕራታም የተባለው ድርጅት ልጆችን በዕድሜያቸውና በክፍላቸው ሳይሆን በንባብ ደረጃቸው ከፋፍሎ ማስተማርን አስፋፍቷል። አብሂጂት ባነርጂ፣ ኤስተር ዱፍሎና ባልደረቦቻቸው ይህን አሠራር በተደጋጋሚ ፈትነውታል። በቫዶዳራና በሙምባይ ከተሞች ወደ ኋላ የቀሩ የ3ኛና የ4ኛ ክፍል ልጆችን በቀን ለሁለት ሰዓት ያህል የአካባቢው ወጣት ሴቶች መሠረታዊውን ትምህርት ሲያስተምሯቸው ውጤታቸው ተሻሻለ። ይበልጥ የሚያስተምረው ግን ያልተሳካው ሙከራ ነው። በአንዳንድ ክፍላተ አገር መምህራኑ ሠለጠኑ፣ መሣሪያውም ተሰጣቸው፤ ግን በመደበኛው የትምህርት ሰዓት ውስጥ የተለየ ጊዜ ስላልተመደበ መምህሩ ወደ ለመደው መጽሐፍ ተመለሰ፤ ለውጡም እዚህ ግባ የሚባል አልሆነም። በሃርያና ግን ለዚሁ ሥራ በየቀኑ አንድ ሰዓት ተለይቶ፣ ተማሪዎች በደረጃቸው ተመድበው፣ ተቆጣጣሪዎችም ተከታትለው ሲሠሩ የቋንቋ ውጤቱ ከፍ አለ። ሥልጠናና መሣሪያ ያለ ሰዓት ፍሬ አያፈሩም ማለት ነው።

ይህ ልምድ ለሰሜን ጎንደር ደጋ ዛሬ በእጅጉ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮሮና ወረርሽኝ ተዘጉ፤ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የነበረው ጦርነት ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ደርሶ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም በክልሉ በተከሰተው ግጭት ምክንያት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ተለይተዋል። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ያለፈ አንድ ክፍል እኩል የሚያውቁ ልጆች ክፍል ሊሆን አይችልም። አንድ ወንበር ላይ የተቀመጡ ሁለት ልጆች መካከል የሦስት ዓመት ትምህርት ልዩነት ሊኖር ይችላል። መጽሐፉን ከምዕራፍ አንድ ጀምሮ ለሁሉም እኩል መሸፈን ብዙዎቹን ለሁለተኛ ጊዜ ከትምህርት ማስወጣት ነው።

ሥራው እንደሚከተለው ሊጀመር ይችላል። መምህሩ አንድ ገጽ ወረቀት ያዘጋጃል፤ በላዩ ከተራ ውጪ የተደባለቁ ፊደላት፣ የተለመዱ ቃላት፣ ሦስት ዐረፍተ ነገሮችና አንድ አጭር ታሪክ ይኖሩበታል። በአንድ ክፍል 60 ተማሪዎች ቢኖሩና ለእያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ ቢሰጥ፣ ሁሉንም ለማየት የሚጠይቀው 180 ደቂቃ ነው። በቀን ስድስት ልጅ ቢታይ በሁለት ሳምንት ይጠናቀቃል፤ በቀን የሚወስደው 18 ደቂቃ ብቻ ነው። ከዚያም ከ3ኛ እስከ 5ኛ ክፍል ያሉት ተማሪዎች ፊደል ያልለዩ፣ ፊደል ለይተው ቃል የማያነቡ፣ ቃል አንብበው ዐረፍተ ነገር የሚከብዳቸውና አንብበው የሚረዱ ተብለው በአራት ይመደባሉ። በየቀኑ አንድ ሰዓት እያንዳንዱ መምህር አንዱን ምድብ ይይዛል። ከገና በፊትና ከፋሲካ በኋላ ያው ፈተና በሌላ ጽሑፍ ይደገማል፤ የተሻሻለው ልጅ ምድብ ይቀይራል።

ሥራው መጥቀም አለመጥቀሙን ለማወቅ ማነጻጸሪያ ያስፈልጋል። በአንድ የጉድኝት ማዕከል ሥር ካሉት ትምህርት ቤቶች ግማሾቹ በመጀመሪያው መንፈቅ፣ ግማሾቹ በሁለተኛው ቢጀምሩ፣ ማን ቀድሞ እንደሚጀምር በዕጣ ቢወሰን፣ ማንም ሳይበደል ልዩነቱ ይታያል። የስም መጥሪያው መዝገብም በየወሩ ቢደመር፣ መቅረት የሚበዛባቸው የአጨዳ ሳምንታትና የገበያ ቀናት ይታወቃሉ፤ አዲስ ትምህርት በእነዚያ ቀናት እንዳይጀመር ማድረግ ገንዘብ አይጠይቅም።

ማጠቃለያ

ጎንደር ጥናትንና ተግባርን አንድ ላይ በማስኬድ ረገድ የራሷ ምሳሌ አላት። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ሺዎችን ከፈጀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጤና ኮሌጅ ተማሪዎቹን በቡድን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ እያሰማራ፣ በሽታውን ካለበት ቦታ ሆነው እንዲማሩትና እንዲያክሙት አድርጓል። ለትምህርት ሙያም ከዚህ የሚቀርብ ሌላ ምሳሌ መፈለግ አያስፈልግም።

ስለዚህ በአማርኛ ትምህርት ክፍሎች በኩል በጥቂት ወጪ ሊደረጉ የሚችሉ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ከትምህርት ቤት መረጃ የወሰደ ማንኛውም የማሟያ ጽሑፍ ከመጽደቁ በፊት፣ ግኝቱን ለመምህር በሚገባ አማርኛ የሚያስረዳ ባለ ሁለት ገጽ ጽሑፍ ለዚያው ትምህርት ቤት እንዲመለስ ማድረግ ነው። ሁለተኛ፣ የጥናት ርእስ ከትምህርት ቤት መምህራን ጥያቄ እንዲነሣ ማድረግ ነው፤ «በ3ኛ ክፍል ሳድስና ራብዕን የሚያምታቱት ልጆች ለምን በዙ?» ብሎ የሚጠይቅ መምህር ጥሩ ርእስ ሰጥቷል። ሦስተኛ፣ ያልተሳኩ ሙከራዎችም እንደተሳኩት ሁሉ እንዲታተሙ ማድረግ ነው፤ የሕንዱ ልምድ እንዳሳየው፣ ሥራው የት ላይ እንደሚሰናከል የሚነግረን ያልተሳካው ሙከራ ነው።

በየኔታ ደጅ አቡጊዳ ያቃተው ልጅ ወደ ገበታው ይመለስ ነበር፤ ማንም ግን ከገበታው አያባርረውም ነበር። በዛሬው ትምህርት ቤት ማንበብ ያልቻለው ልጅ ወደ ገበታው አይመለስም፤ ክፍል እየቆጠረ ያልፋል፣ አንድ ቀንም በራሱ ጊዜ ይቀራል። የጥናት ዋጋ የሚለካው ይህን ልጅ ከመቅረቱ በፊት ማግኘት በመቻሉ ነው።